ካት እስኪባል ድረስ

ሃዊ የወንድሜ የጀቤሳ ልጅ ናት። የአባቷ እህት ስለሆንኩ አዳዳ ነው የምትለኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስለሷ ሳወራ ድምፄ ከፍ ካለ አትፍረዱብኝ። ሰዉ ሁሉ «ያቺ የቲቪዋ ልጅ ምን ሆነች? ለምን ቤት ዋለች?» እያለ ኪዮስኬ ድረስ ይመጣል። ኪዮስኬ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ናት። እስረኛ ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች ስልክ ይዘው መግባት ስለማይችሉ እኔ ጋ አስቀምጠው ይገባሉ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ሲጮህብኝ እውላለሁ። በዚያ ላይ የሰፈር ወሬ ሲጨመርበት አሁንስ በቃኝ። አንዴ ልናገርና ይውጣልኝ።

ልጅቷ ኮሌጅ የተማረችው የቪዲዮ ሥራ ነው። ጀቤሳ አካውንቲንግ ነበር የፈለገው። «መሬቱ ሄደ፣ አሁን ደግሞ ልጄ ካሜራ ተከትላ ትሂድ?» ብሎ አኮረፈን። አባታችን ያርሱት የነበረው ማሳ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፤ ጀቤሳም የዚያው ኮንዶሚኒየም ጥበቃ ነው። ኩርፊያው ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ ዝም አልኩት። ሃዊን ግን «አንቺ ተማሪ፣ እኔ አለሁ» አልኳት።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል አፓረንት ትወጣላችሁ ተባሉ። ድርጅት ገብቶ እየሠሩ መማር ማለት ነው። ለሃዊ የደረሳት ቱሉ ዲምቱ ያለ የቲቪ ድራማ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ ሶሊያና ከምትባል የክፍሏ ልጅ ጋር ተመደበች። ዳይሬክተሩ ፈቀደ ይባላል። ገና በመጀመሪያው ቀን «ሁለታችሁንም አልይዝም። ሥራ የገባትን አንዷን እቀጥራለሁ፣ ሌላዋ በሰላም ትሄዳለች» አላቸው። በቃ፣ ሃዊ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልታያትም። መቀጠር ብቻ። ድራማው ሲያልቅ ከሚያልፉት ስሞች መሀል ሃዊ ጀቤሳ የሚል ማየት። «አባዬ ያን ቀን ቁጭ ብሎ ያነባታል» ትለኝ ነበር።

እኔ ድራማ ማለት ተዋናይና ካሜራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጉዱ ሌላ ነው! አንዱ መብራት ብቻ ይዞ ይውላል፣ አንዱ ገመድ ብቻ ይጠቀልላል፣ አንዷ ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ እያጋጨች ቁጥር ትጠራለች። ኮንቲኒዩቲ የሚባልም አለ፤ ተዋናይዋ ቅድም ብርጭቆውን በየትኛው እጇ እንደያዘች፣ ነጠላዋ በየትኛው ትከሻዋ እንደነበር የሚጠብቅ ሰው። ሃዊ እሱን የተማረች ሰሞን ቤት ውስጥ መኖር አቃተኝ። «አዳዳ፣ ቅድም ሻሽሽ ወደ ኋላ ነበር የታሰረው» ትለኛለች። «አንቺ ልጅ፣ ሻሼን ተይልኝ!» ስላት ትስቃለች።

የወደደችው ግን ድምፁን ነው። ሙህዲን የሚባል የድምፅ ባለሙያ ነበር፤ ይነጫነጫል እንጂ የሚያውቀውን አይደብቅም። ቡም የሚሉትን ረጅም ዘንግ አሸከማት። ጫፉ ላይ ማይክ አለው፤ ከተዋንያኑ ራስ በላይ አንጠልጥሎ፣ ካሜራው ሳያየው፣ የሚናገሩትን መያዝ ነው ሥራው። ሙህዲን ያስያዛት ሕግ አንድ ነው፤ ካት የሚሉት ቀረጻው ሲቆም ነው። «ካት እስኪባል ድረስ ቡሙ አይወርድም። እጅሽ ቢዝል አይወርድም። ዝንብ ዓይንሽ ውስጥ ቢገባ አይወርድም። የሚናገረውን ሰው ተከተይ፣ አንቺ ግን ዝም በይ።» ቤት ስትመጣ የመወልወያ እንጨት ላይ ካልሲ አስራ ትለማመድብኛለች። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ፣ ከዶሮዎቹ ጋር ስጣላ፣ ያ ካልሲ ከራሴ በላይ ይከተለኛል። ጎረቤት በአጥር አሾልቆ እያየ ይስቅብናል። መጀመሪያ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በኋላ ግን ቀጥ አለ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ከሚስቁብን አንዷ አሰጋሽ ናት። የምንኖረው አቃቂ በሰቃ ነው፤ በሯ ከበራችን ትይዩ ነው፣ በመሀላችን ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ብቻ። ባሏ በሕይወት የለም፤ ያላት አንድ ልጅ ነው፣ የአብስራ። ከሃዊ ጋር አንድ ላይ አደጉ፤ እዚህ ቤት ሲርባቸው እዚያ፣ እዚያ ሲቆጧቸው እዚህ። ልጁ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ አንድ ቀን ለእናቱ እንኳን ሳይነግራት በየመን በኩል ወደ ሳውዲ ተነሳ። የአሰጋሽ ስልክ ከመደወል ሌላ ስለማይችል ከመንገድ በሃዊ ስልክ የድምፅ መልእክት ይልክላት ነበር። ሁሌም ያው ነው የሚለው። «እማ፣ ትሰሚኛለሽ? ደህና ነኝ። አታስቢ።» ነፋሱ ይጮህበታል፣ ግማሹ አይሰማም። ከዚያ እሱም ቀረ። ወራት አለፉ፣ ምንም የለም።

የኔ ልጅ ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከሙህዲን እየተማረች፣ በድርጅቱ ኮምፒውተር፣ የልጁን መልእክቶች በሙሉ ነፋሱን አጥፍታ፣ ቆራርጣ፣ አገጣጥማ አንድ ረጅም ወሬ አደረገቻቸው። አሰጋሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን አሰማቻት። ልጁ አጠገባችን ያለ ነው የሚመስለው። አሰጋሽ ሳቀችም፣ አለቀሰችም። «ልጄ እንዲህ አድርጎ መቼ ተናገረ? ያላለውን ሁሉ አስባልሽው እኮ! ወይ ጉድ፣ ሰው ሳይኖር ድምፁን ትሠራላችሁ በይኛ!» አለቻት። ሃዊም ኮራች። «ይሄማ ምን አላት እትዬ፣ ሌላም እንሠራለን» ብላ መለሰችላት። ምነው ያን ቀን አፏን ይዛ በቀረች።

ከዚያ ድራማው ውስጥ የለቅሶ ቤት ታሪክ መጣ። ፈቀደ መቅረጫ ቦታ ሲያፈላልግ ሃዊ «እኛ ሰፈር ይሆናል» አለች። ቤቱን፣ ድንኳኑን፣ ሰዉን ሁሉ እሷ አመቻቸች፤ በዚህ ካልተቀጠርኩ በምን ልቀጠር ነው ብላ። እድራችን ድንኳኑን ሰጠ፤ ያንኑ ጥጉ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የተጣፈበትን፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከሩቅ የሚያውቀውን። አልቃሾቹ ደግሞ እኛው ነን፣ የሰፈሩ ሴቶች። ጥቁር ለብሳችሁ፣ ነጠላ አዘቅዝቃችሁ ኑ ተባልን። እኔም ኪዮስኬን ዘግቼ ሄድኩ፤ ቲቪ ላይ ልታይ ነዋ!

ሃዊ የመንደሩን በር አንድ በአንድ አንኳኩታ «ድራማ ነው፣ እንዳትደነግጡ» ብላለች። የቀረችው አሰጋሽ ናት። ለልጇ ብላ ስልክ የማይሠራበት ሩቅ ጠበል ገብታ ነበር። ቀረጻው ቅዳሜ ስለሆነ አርብ ስትመለስ ይነገራታል ተባለ። ታዲያ ተዋናይዋ ቅዳሜ አይመቸኝም ስትል ቀረጻውን ወደ ሐሙስ አመጡት። ሃዊ ረዳት ዳይሬክተሯን ሚራክልን «ፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ አልሰሙም፤ ልጃቸው ስደት ላይ ነው» አለቻት። ሚራክል ስልኳን እየነካካች «የሉም አላልሽም? ከሌሉ ምን ችግር አለው?» አለች። ሃዊ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አፓረንት ናታ! አፓረንት ምን አፍ አለው?

ድንኳኑ የኛ ግቢ አልበቃው ስላለ መንገዱ ላይ ተተከለ፤ አፉ ወደ አሰጋሽ በር።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር መቼም ታውቃላችሁ። ለባለቤቷ ማንም ቀድሞ ቃል አይተነፍስም። ጎረቤት ተደብቆ ይሰበሰባል፣ ድንኳኑ ይሰናዳል፣ እሷ ከሄደችበት ስትመለስ «ምንም የለም፣ ግቢ፣ ምንም አልሆነም» እያሉ ግራና ቀኝ ይይዟታል። ልጇ ሰው አገር ያለባት እናት ደጇ ላይ ጎረቤቷን ጥቁር ለብሶ ካየች ሌላ ምን ታስብ?

አሰጋሽ አርብ ትመጣለች ስትባል ሐሙስ መጣች። ጠበል የተሞላ ጀሪካን በእጇ ይዛለች። ካሜራው ይሠራል፣ እኛ ድንኳኑ ውስጥ አንገታችንን ደፍተናል፣ ተዋናይዋ ዓይኗ ውስጥ ጠብታ አስደርጋ «ወንድሜን» ትላለች። ቀና ስል አሰጋሽን አየኋት። ድንኳኑን አየች፣ ሰማያዊውን ጨርቅ አየች፣ እኔን አየችኝ። ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። «ልጄን! የአብስራዬን!» አለች።

ያን ጩኸት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ተነስቼ «አሰጉ፣ ውሸት ነው!» ልላት ስል አንዷ ሴት አብራት ጮኸች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁላችንም። የእውነት ለቅሶ ሰምታ ዝም የምትል ሴት የት አለች? ሁላችንም የቀበርነው አለን። ተዋናይዋ ብቻ ናት አፏን ይዛ የቀረችው። አሰጋሽ ደረቷን እየደቃች ስትወድቅ ስትነሳ ካሜራማኑ ዞሮ ተከተላት። ፈቀደ ደግሞ ቀጥሉ፣ ቀጥሉ እያለ እጁን ያወዛውዛል።

ሃዊም ቡሙን እንደያዘች ተከተለቻት። በዓይኔ አየኋት። እንባዋ በአገጯ ይንጠባጠባል፣ እጇ ግን ቀጥ ብሏል። አሰጋሽ ስትወድቅ ማይኩ ዝቅ ይላል፣ ስትነሳ ከፍ ይላል። አብሯት ያደገውን ልጅ ስም እየጠራች በምታለቅስ እናት ራስ ላይ፣ ልክ እንደተማረችው፣ ዝም ብላ ያዘችው።

«ካት!» አለ ፈቀደ በመጨረሻ። ያን ጊዜ ነው ቡሙን ጥላ አሰጋሽ እግር ላይ የተደፋችው። «እትዬ፣ ድራማ ነው! የውሸት ነው! የአብስራ ምንም አልሆነም!» እኛም ግራና ቀኝ ይዘናት «ምንም የለም አሰጉ፣ ምንም አልሆነም» እንላለን። ተመልከቱልኝ እንግዲህ! መርዶ ላይ የሚባለውን ነው ቃል በቃል የምንላት።

ከኋላችን ፈቀደ «ድምፁ ተይዟል?» ሲል ሰማሁ። ሙህዲን ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ መሬት መሬት ያያል። «ተይዟል» አለ። ፈቀደ ሃዊን ከመሬት አነሳና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «እንዲህ ነው ሥራ ማለት። አንቺን ነው የምይዘው» አላት። ያን ያህል የተመኘችው መቀጠር የመጣላት እንዲህ ሆኖ ነው፤ አሰጋሽ መንገድ ላይ ተዘርግታ፣ ጠበሉ ኮብልስቶኑ ላይ ፈስሶ።

አሰጋሽን ማሳመን አቃተን። ሃዊ በማግስቱ ቀረጻውን በስልኳ አምጥታ «ይኸው መብራቱ፣ ይኸው ተዋናይዋ፣ ይኸው ካሜራው በመስኮቱ መስታወት ላይ ይታያል» እያለች አሳየቻት። አሰጋሽ የራሷን ለቅሶ እስከ መጨረሻው አየች። «ቪዲዮ አስቀረጻችሁለት? ደግ አደረጋችሁ» አለች። ለነገሩ ዛሬ ለቅሶ በቪዲዮ የማያስቀርጽ ማን አለ? ካሜራው ራሱ ምስክር ሆነባት። ሚራክል ድርጅቱ ልኳት ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች፤ ባዶ እጄን አልገባም ብላ ብርቱካንና ስኳር ይዛ። ኧረ የጉድ ቀን! ስኳር ተይዞ ሲገባ ምን ሊመስል ነው? የንስሐ አባቷ መጥተው «ልጅሽ ሞተ ያለ ሰው የለም» አሏት። «አባቴ፣ እርስዎም እንዳልጎዳ ብለው ነው» አለቻቸው። የእድሩ ሰዎች ሌላ መከራ ነበር፤ ቢሄዱ ሞቱን ሊያጸኑባት ነው፣ ቢቀሩ ብቻዋን ልታለቅስ ነው። ግማሹ ሄደ፣ ግማሹ ቀረ፣ እስካሁን በዚህ ይጣላሉ። እሷ ግን ፀጉሯን ተላጨች፣ ጥቁሯን ለበሰች፣ ለጠበል መሄዱንም ተወች። ለማን ብላ ትሂድ?

ሃዊ ፈቀደ ዘንድ ሄዳ «ያ ትዕይንት ይውጣ፤ ካልሆነ ድምፁን እንኳን አጥፉት» አለችው። «እሱ ከወጣ ድራማው ምን ይቀረዋል? እንዲህ ያለ ለቅሶ ከየት አመጣለሁ?» አላት። ለመነችው። አለቀሰች። በመጨረሻ «እንግዲያው ቅጥሩ ይቅርብኝ» ብላ ወጣች። ሶሊያና ተቀጠረች። እኔ ጮህኩባት፣ ምን ላድርግ! «አንቺ ሥራ ብትተዪ አሰጋሽ ትድናለች? ያን ሁሉ የለፋሽበትን!» አልኳት። «አዳዳ፣ ቡሙን ሳነሳ የሚሰማኝ የሳቸው ድምፅ ብቻ ነው» አለችኝ።

ድራማው ታየ። የሰፈሩ ሰው ሳይቀር «እንዴት ያለ ለቅሶ ነው!» እያለ አወራ። ጀቤሳ ጥበቃውን ለባልደረባው ሰጥቶ መጥቶ ከቲቪው ፊት ተቀመጠ። ስሞቹ ማለፍ ሲጀምሩ ጎንበስ አለ። ሙህዲን የሚለው አለፈ፣ ከሥሩ ቡም፣ ሃዊ ጀቤሳ። ሙህዲን ይሆናል ያስገባላት። ወንድሜ እንደተባለው ቁጭ ብሎ አነበባት፤ ከዚያ ቲቪውን ዘጋና ወጣ። ሃዊ ጓዳ ነበረች፤ ብቅ እንኳን አላለችም።

ቤት የዋለችው እንግዲህ ለዚህ ነው። ሰነፈች የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ! ከሳውዲ ተመለሰ የተባለውን ሁሉ እየፈለገች የልጁን ፎቶ ታሳያለች። በቲክቶክ ለጠፈች፣ የኔን ቁጥር ሥሩ ላይ ጻፈች። አንዱ አላየሁትም ይላታል፣ አንዱ እስር ቤት አንድ የአቃቂ ልጅ አለ ይላታል፣ አንዱ ዝም ብሎ አዝኖ ያያታል። ሃዊ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራት። የአብስራን አግኝታ ድምፁን ለእናቱ ማሰማት። «እሳቸው እሱን ከሰሙ እኔም እድናለሁ» ትላለች።

በቀደም ኪዮስክ ሆኜ የኔው ስልክ ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነው። «እትዬ ዳሲቱ፣ እኔ ነኝ፣ የአብስራ» አለኝ። ድምፁ ሰልሏል፣ ያስለዋል። «እስር ላይ ነበርኩ። ስልኩ የሰው ነው። ከሰዓት ደግሜ እደውላለሁ፣ እማን አገናኙኝ» ብሎ ዘጋ። ስልካቸውን እኔ ጋ ያስቀመጡት ጠያቂዎች እስኪወጡ እንኳን አልጠበቅኩም፤ ጎን ላለው ባለሱቅ ለሻፊ ቁልፉን ወርውሬለት ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ሃዊ ስነግራት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ጉድ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሁለታችን አሰጋሽ ቤት ገብተን ግራና ቀኝ ተቀመጥን። «እትዬ፣ የአብስራ ሊደውል ነው!» አለቻት ሃዊ። አሰጋሽ ጥቁር ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ስልኬ ጮኸ። ሃዊ ድምፁን ከፍ አድርጋ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችላት።

«እማ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ ልጁ። ሳል አቋረጠው። «ደህና ነኝ። አታስቢ።» ከዚያ ሳግ ያዘው መሰለኝ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም።

እኔ እልል ልል አፌን ከፍቻለሁ። አሰጋሽ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። ከዚያ ፈገግ አለችና የሃዊን ጉንጭ በእጇ ዳሰሰች።

«ያኔ የሠራሽው ነው አይደል?» አለቻት። «አሁን ደግሞ ሳል ጨመርሽበት።»

«እትዬ፣ እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው! ያናግሩት፣ ይጠይቁት!»

«ለኔ ብለሽ ስንት ደከምሽ ልጄ። ሥራሽንም በኔ ሰበብ ተውሽ። እግዜር ይክፈልሽ።» እጇን ከጉንጯ አነሳች። «ግን ይብቃሽ። የሞተ ልጄን አታናግሪብኝ።»

«አሰጉ፣ በሞቴ! እኔም አናግሬዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ለብሼ የተቀመጥኩት እኔ አይደለሁ? ምን ብላ ትመነኝ?

«እማ?» ይላል ስልኩ። «እማ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

የሃዊ እጅ ስልኩን እንደያዘ አየር ላይ ቀርቷል፣ ቀጥ ብሎ።

«አጥፊው በቃ» አለቻትና አሰጋሽ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ሃዊ አላጠፋችውም። የአብስራ «እማ? እማ?» እያለ ቆየና መስመሩ ራሱ ተቋረጠ።